አምስተርዳም ውስጥ የድሮውን የአይሁድ ሰፈር በሳይክል ለማየት ከየት ልጀምር?

የጦሳ ሥር

ሰላም ጀማዓ። ደሴ ነው የምኖረው፣ የታሪክ መምህር ነኝ። ሐምሌ ላይ ለስድስት ሳምንት ስልጠና አምስተርዳም እሄዳለሁ። ቪዛው ባለፈው ሳምንት እጄ ገባ፣ አልሐምዱሊላህ። ከሰኞ እስከ አርብ ክፍል ውስጥ ነን፣ ቅዳሜና እሁድ ግን የራሴ ነው። በነዚያ ቀናት የድሮውን የአይሁድ ሰፈር በሳይክል መዞር እፈልጋለሁ።

ሳይክል ያልኩት በምክንያት ነው። ደሴን ያወቅኳት በሳይክል ነው። ከሙጋድ ሮቢት፣ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ በሐረጎ ቁልቁለት ኮምቦልቻ ወርጄ ጉልበት ካለኝ ሽቅብ እመለሳለሁ፣ ከሌለኝ ሳይክሉን አይሱዙ ላይ እጭናለሁ። አይጠየፍ አዳራሽ ጋ ደርሼ ሳይክሌን ግንቡ ላይ አስደግፌ ስንት ሽማግሌ አውርቻለሁ። መኪና ውስጥ ሆነህ ይህ አይገኝም፣ በእግር ደግሞ ቀኑ አይበቃም።

የአይሁድ ሰፈር ያልኩበትም ምክንያት አለኝ። 2ኛውን የዓለም ጦርነት ሳስተምር የተገደሉት አይሁዶች 6 ሚሊዮን ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ደወል ይደወላል። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ ቤታቸውስ? ቤታቸው ማን ገባበት?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

አሁን ካርታ ከፍቼ ሰፈሩን ስፈልገው ግራ ገባኝ። ዋተርሎፕላይን የሚባለው ቦታ ላይ የማየው ትልቅ አዲስ ሕንፃ፣ ሰፊ አስፋልትና የሜትሮ ጣቢያ ነው። የቀረው ከተማ በጠባብ የድሮ ቤትና በቦይ የተሞላ ሆኖ ሳለ "የድሮ ሰፈር" የሚሉት ብቻ አዲስ ሆኖ ይታየኛል። ስሙን የማውቀው ከናዚዎች ተደብቃ ማስታወሻ የጻፈችውን አይሁዳዊት ልጅ የአን ፍራንክን ቤት ነው፣ ሌላ አላውቅም። እዚያ የኖራችሁ፣ ሳይክል የምትነዱ፣ ከየት ልጀምር? ምን ልጠንቀቅ?

ቦርከና

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። እዚህ 11 ዓመቴ ነው፣ ሥራዬም በሳይክል ዕቃ ማድረስ ስለሆነ ሰፈሩን በደንብ አውቀዋለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፍልሃለሁ፣ እዚህ ድንጋዩ ላይም የምታነበው እሱን ነው።

መጀመሪያ ካርታው አልተሳሳተም። ሰፈሩ የለም። የተማሪህ ጥያቄም መልሱ እዚያው አስፋልት ላይ ነው።

ጦርነቱ ሲጀመር በሆላንድ 140,000 ገደማ አይሁዶች ነበሩ። ከነሱ ወደ 80,000 የሚጠጉት እዚችው አምስተርዳም ይኖሩ ነበር። ጀርመኖቹ ሰው ሲወስዱ አብርሃም ፑልስ የሚባል የዕቃ ጫኝ ድርጅት ባለቤት በመኪናው እየመጣ ቤቱን ያራግፍ ነበር፣ አልጋ፣ ድስት፣ መጋረጃ ሳይቀር። ዕቃው ወደ ጀርመን ይላካል። ሰውየው ሥራውን ከማብዛቱ የተነሳ ስሙ በደችኛ ግስ ሆነ፣ "ፑልሰን" ማለት የተወሰደን ሰው ቤት ባዶ ማድረግ ማለት ነው። ከዚያ የ1944 መጨረሻና የ1945 መጀመሪያ ክረምት መጣ። እዚህ የረሃብ ክረምት ነው የሚሉት። ከሰልም ምግብም አልነበረም። ሰዉ ብርዱ ሲጠናበት ባዶ ወደ ቀሩት የአይሁድ ቤቶች ገባና ደረጃውን፣ ወለሉን፣ የጣሪያውን ማገር ነቅሎ ማገዶ አደረገው። እንጨቱ ሲወጣ ግድግዳው ተደረመሰ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ከተማው የፈረሰውን ጠርጎ መንገድ አሰፋበት። ዮደንብሬስትራትና ዌስፐርስትራት እንዲህ ሰፊ የሆኑት ለዚህ ነው። በ1970ዎቹ ሜትሮ ሲቆፈር ከቀረውም ፈረሰ። በ1975 ነዋሪዎች "ከዚህ በላይ አታፍርሱ" ብለው ከፖሊስ ጋር የተጋጩት እዚያው አጠገብ ኒውማርክት ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስሰማው እንቅልፍ የነሳኝ ነው። ከካምፕ ተርፈው የተመለሱትን ጥቂቶች ከተማው እነሱ በሌሉበት ዓመታት ያልተከፈለውን የመሬት ኪራይ ከነቅጣቱ ክፈሉ ብሏቸው ነበር። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው እየኖረበት። ጉዳዩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ከመዝገብ ቤት የወጣው፣ በ2016 ከተማው 10 ሚሊዮን ዩሮ ለአይሁዱ ማኅበረሰብ መደበ። ለተማሪህ ይህንን ንገራት።

አሁን መንገዱ። የመጀመሪያውን እሁድ ለዚህ ስጠው። ቅዳሜ አይሁን፣ ቅዳሜ ሰንበታቸው ስለሆነ ምኩራቡ ለጎብኚ ዝግ ነው። ጠዋት ዋተርሎፕላይን ድረስና ሳይክልህን እሰር። እዚያ ቦዩ ዳር የስፒኖዛ ሐውልት አለ። ፈላስፋው በ1632 የተወለደው እዚሁ ሰፈር ነው፣ በ1656 ደግሞ ገና የ23 ዓመት ልጅ ሳለ የገዛ ማኅበረሰቡ አወገዘው። ከዚያ ዮደንብሬስትራት ላይ ሬምብራንት ከ1639 እስከ 1658 የኖረበትን ቤት ታያለህ፣ አይሁድ ጎረቤቶች ነበሩት። እዚህ ከተማ አይሁዶችን በአጥር የከለለ ግንብ አልነበረም። ከስፔንና ከፖርቱጋል የተሰደዱት በ1500ዎቹ መጨረሻ መጡ፣ ቀጥሎ ከጀርመንና ከፖላንድ ድሆቹ መጡ። አብዛኛውን የእጅ ሙያ ማኅበራቱ ስለከለከሏቸው አልማዝ መቁረጥ፣ ማተሚያ ቤትና መንገድ ላይ ንግድ ያዙ።

ቀጥሎ የፖርቱጋሎቹ ምኩራብ ግባ። በ1675 ነው የተመረቀው። እዚህ ችኮላህን በር ላይ ተወው። ውስጥ ኤሌክትሪክ የለም። እስከ ዛሬ ሲመሽ የሚበራው ሻማ ነው፣ ወደ 1,000 ሻማ። ወለሉ ላይ ደግሞ ደቃቅ አሸዋ ተነስንሷል፣ የጫማ አቧራና ድምፅ እንዲይዝ። ስትራመድ ኮቴህ አይሰማም። እኔ መጀመሪያ የገባሁ ቀን እግሬን እያየሁ ነው የዞርኩት።

ስትወጣ ፊት ለፊት አደባባዩ ላይ አንድ ሰፊ ደረት ያለው ወዛደር በነሐስ ቆሟል። ዶክወርከር ይሉታል። በየካቲት 1941 ጀርመኖቹ እዚያ አደባባይ ላይ ከ400 በላይ አይሁድ ወንዶች በግድ ሰብስበው ወሰዱ። በ25ኛው ቀን የትራም ሠራተኛው፣ የወደቡ፣ የፋብሪካው ሰው ሥራ አቆመ። ናዚ በያዘው አገር ውስጥ ስለ አይሁዶች ሲባል እንዲህ ያለ አድማ መመታቱ እጅግ ብርቅ ነው። በየዓመቱ በዚያ ቀን ሰው አበባ ይዞ ይመጣል።

ከዚያ ሁለት ደቂቃ ነድተህ ዌስፐርስትራት ላይ የተገደሉትን ሰዎች የስም መታሰቢያ ታገኛለህ፣ 2021 የተከፈተው። ከ102,000 በላይ ጡብ፣ በእያንዳንዱ ጡብ ላይ ስም፣ የልደት ቀንና ሲሞት የነበረው ዕድሜ። ስሞቹ በፊደል ተራ ናቸው፣ ስለዚህ ቤተሰብ አብሮ ነው የሚገኘው። ቸኩለህ አትለፍ።

የመጨረሻው ፕላንታዠ ሚደንላን ላይ ያለው የድሮ ቲያትር ነው፣ ሆላንድሸ ስኻውቡርኽ። በ1942ና 43 ከ46,000 በላይ ሰው እዚያ ታጉሮ ወደ ካምፕ ተላከ። ትንንሽ ልጆቹን ከመንገዱ ማዶ ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነበር የሚያቆዩዋቸው። ትራሙ መሐል መንገድ ላይ ሲቆም ጠባቂዎቹን ይጋርዳል። በዚያች ቅጽበት ተንከባካቢዎቹ ልጅ ይዘው ይወጡ ነበር። 600 ገደማ ሕፃናት እንዲህ ባለ መንገድ ተርፈዋል። ትራሙ ዛሬም እዚያው ይቆማል። አንድ ትራም መጥቶ እስኪሄድ ከማዶ ቆመህ ጠብቅ፣ ስንት ሰከንድ እንደሆነ ትቆጥራለህ።

አምስተርዳሞች ከተማቸውን በቁልምጫ "ሞኩም" ይሏታል። ከአይሁዶቹ የመጣ ቃል ነው፣ ከዕብራይስጡ "ማቆም"፣ ቦታ ማለት። የእኛው "ቆመ" የወጣበት ሥር ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ከተማዋ ቀረበችኝ።

ጎሚስታው

መምህር፣ ታሪኩን ቦርከና ጨርሶታል፣ እኔ ስለ ሳይክሉ ልበል። እዚያ ሁለት ዓመት ተምሬ ነው የተመለስኩት።

የሚከራዩት ሳይክሎች ብዙዎቹ እጅ ላይ ፍሬን የላቸውም። ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጥ ነው የሚቆመው። የሐረጎ ሰው እጁ ፍሬን ስለሚፈልግ መጀመሪያ ይደነግጣል። መናፈሻ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተለማመድ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ከአንድ ኪራይ ቤት የወሰድኩት ሳይክል የኋላ ፍሬኑ ላልቶ ነበር፣ ሳልሞክረው ወጥቼ ድልድይ ቁልቁለት ላይ ከአንዲት ሴትዮ ቅርጫት ጋር ተላተምኩ። ከበሩ ሳትወጣ ፍሬኑን፣ ደወሉን፣ መብራቱን ሞክር። ሲመሽ ፊት ነጭ ኋላ ቀይ መብራት ግዴታ ነው።

የትራም ሐዲድ ጠላትህ ነው። ጎማህ ሐዲዱ ውስጥ ከገባ ወደቅህ ማለት ነው። አቋርጠህ ስትሻገር ቀጥ ብለህ እንጂ በሰያፍ ተንሸራተህ እንዳትሻገር። ቦርከና ያለው ፕላንታዠ ሚደንላን ትራም አለበት፣ ዓይንህ ሕንፃ ላይ ሆኖ እንዳይሆን። ማየት ስትፈልግ ቀኝህን ያዝ፣ ውረድ፣ ከዚያ እይ። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ከ2019 ጀምሮ በገንዘብ ያስቀጣል፣ ካርታውን ለማየትም ቁም።

ሁለት ቁልፍ ያዝ፣ አንዱን ከብረት ጋር እሰረው። ሽቅብ የለም፣ ድልድዮቹ ብቻ ናቸው። ዳገቱን የሚተካው ነፋሱ ነው።

ላስታ

ሐሳብህን አከብራለሁ ወንድሜ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ስለ አይሁድ ታሪክ ለመማር አምስተርዳም ድረስ መሄድ ምን አስፈለገ? የእኛ ቤተ እስራኤሎችስ? ጎንደር ከተማ ጫፍ ወለቃ አለ፣ በደባርቅ መውጫ፣ ከመሐል ከተማ በሳይክል ቅርብ ነው። የሸክላ ሠሪዎቹና የአንጥረኞቹ መንደር ነበር። ሰዎቹ ከ1984 ጀምሮ በሱዳን በኩል፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሆነው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጉዘው ወጡ። የተማሪህ ጥያቄ እዚህም ይሠራል። ቤታቸው ማን ገባበት? እኛ እኮ ጎረቤታቸው ነበርን። "ፈላሻ" እያልን ስንሰድባቸው የኖርነውም እኛ ነን።

ሌላ ደግሞ፣ እነሱ ጸሎት ቤታቸውን "መስጊድ" ነበር የሚሉት። ወሎዬ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

የጦሳ ሥር

ላስታ፣ እውነትህን ነው። አልከራከርህም። መስጊድ ማለታቸውን አላውቅም ነበር፣ ነገ ክፍል ውስጥ ነው የምናገረው። አጋጣሚው አምስተርዳም ስለሆነ ነው እንጂ ወለቃም ይቀጥላል፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ከሐይቅና ከወልዲያ ጓደኞቼ ጋር እንሄዳለን ብለናል። ግን እዚያ የምሄደው የትምህርት ጥቅስ ልለቅም አይደለም። አንድ ከተማ ጎረቤቱ ሲወሰድበት ምን እንዳደረገ ከቦታው ላይ ማየት እፈልጋለሁ። ያንን ካየሁ የእኛንም የማይበት ዓይን ይኖረኛል።

ቦርከና፣ የመሬት ኪራዩን ነገር ለባለቤቴ ሳነብላት ቡናውን አስቀምጣ ዝም አለች። የአን ፍራንክ ቤትስ ከዚህ መንገድ ላይ ነው? ትኬት ይገኛል?

እቴ ኩታበር

መምህር፣ እንደምን ነዎት? እኔ የኩታበር ልጅ ነኝ፣ አምስተርዳም ደቡቡን ሰፈር በደንብ አውቀዋለሁ፣ ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ በሳይክል ነው የምዞረው። ቦርከና ያልነገረዎትን ልንገርዎ።

ትኬቱን በር ላይ አያገኙም። በየሳምንቱ ማክሰኞ በኢንተርኔት ይለቀቃል፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ላለው ጊዜ። ስለዚህ አሁኑኑ ቀኑን ቆጥረው ይያዙ። ግን እኔን ከሰሙኝ ከሙዚየሙ በፊት አን ፍራንክና ቤተሰቧ ከመደበቃቸው በፊት ይኖሩበት የነበረውን ቤት ይዩ። ሜርቨደፕላይን ይባላል፣ ሪቪረንቡርት ሰፈር ውስጥ ነው። ከጀርመን ሂትለርን ሸሽተው የመጡ ብዙ አይሁዶች የሰፈሩት እዚያ ነው። ቀይ ጡብ፣ ተመሳሳይ በሮች፣ መሐሉ ላይ ሣር። ልጆች ዛሬም ይጫወቱበታል።

አሁን የምነግርዎት ነገር ሳይክል ላይ ተቀምጠው ሊያስቡት የሚገባ ነው። በሰኔ 1942 ጀርመኖቹ አይሁዶች ሳይክላቸውን እንዲያስረክቡ አዘዙ። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ትራምም ከለከሏቸው፣ ከምሽቱ 8 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር በኋላም ከቤት መውጣት አይችሉም። ሆላንድ ውስጥ ሳይክል የወሰዱበት ሰው እግሩን የቆረጡት ያህል ነው። ሥራ እንዳይሄድ፣ ዘመድ እንዳይጠይቅ፣ እንዳያመልጥ።

ከዚያ በፈረንጆቹ ሐምሌ 6 ቀን ጠዋት ዝናብ ይዘንባል። የአን እህት ማርጎት 16 ዓመቷ ነው፣ ለግዳጅ ሥራ ወደ ጀርመን ሂጂ የሚል ወረቀት ከመጣላት አንድ ቀን ሆኗል። ማርጎት ሳይክሏን አላስረከበችም ነበር። የአባቷ ሠራተኛ ሚፕ ኺስ ማልዳ መጣችና ሁለቱ በዝናቡ ውስጥ እየነዱ ከሜርቨደፕላይን እስከ መደበቂያቸው፣ ዛሬ ሙዚየም እስከሆነው ፕሪንሰንግራኽት 263 ሄዱ። ቢያዙ ያለቀላቸው ነበር። እናት፣ አባትና አን ደግሞ ቦርሳና ልብስ ደራርበው በእግራቸው ተከተሉ፣ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በዝናብ። ትራሙ በአጠገባቸው ያልፋል።

እኔ ይህን መንገድ ከሥራ ስመለስ አንድ ቀን ሆን ብዬ ነዳሁት። ከሩብ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሁለት መብራት ላይ ቆምኩ። እያንዳንዱ መብራት ላይ "እዚህ ቆመው ከሆነስ፣ አንድ ፖሊስ አጠገባቸው ቆሞ ከሆነስ" እያልኩ ነበር። እርስዎም እንዲሁ ይንዱት መምህር። ከቤታቸው ጀምረው ሙዚየሙ ላይ ይጨርሱ፣ በተቃራኒው አያድርጉት።

በዚያ ሰፈር ሲነዱ መሬት መሬቱን ደግሞ ይዩ። በር ፊት ለፊት የእግረኛ መንገዱ ላይ የተቀበሩ ትንንሽ የናስ ካሬዎች አሉ፣ አሥር በአሥር ሳንቲ ሜትር። "እዚህ ይኖር ነበር" ብሎ ስም፣ የልደት ዓመት፣ የተወሰደበትና የሞተበት ቀን ይላል። ጉንተር ዴምኒግ የሚባል ጀርመናዊ አርቲስት በ1990ዎቹ የጀመረው ነው፣ በአውሮፓ ዙሪያ በ2023 ከ100,000 አልፏል። ለማንበብ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። እኔ የምንከባከባቸው አንዲት አሮጊት በራቸው ላይ ያለውን በዓመት አንድ ቀን በሎሚና በጨው ያጸዱታል። አሁን ጉልበታቸው ስለደከመ እኔ ነኝ የማጸዳላቸው።

ቦርከና

እቴ ኩታበር ያለችውን ሁሉ እደግፋለሁ። ሁለተኛውን እሁድ ደግሞ ከከተማ ውጣ መምህር፣ ለወሎ ሳይክለኛ የሚመጥን መንገድ አለ።

ከዋተርሎፕላይን ተነስተህ አምስቴል ወንዝን ይዘህ ወደ ደቡብ ንዳ። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሜዳ፣ በቀኝህ ወይ በግራህ ሁልጊዜ ውኃ፣ ላም፣ የነፋስ ወፍጮ። አውደርኬርክ የምትባል መንደር ትደርሳለህ። እዚያ ከ1614 ጀምሮ የፖርቱጋል አይሁዶች መካነ መቃብር አለ፣ ቤት ሐይም ይባላል፣ የሕይወት ቤት ማለት። በዕብራይስጥ ነው ግን ትርጉም አያስፈልግህም፣ "ቤት" ቤት ነው፣ "ሐይም"ም ሕያው ከምንለው ጋር አንድ ነው። የሞቱትን ከከተማው በጀልባ፣ አንተ በነዳህበት በዚያው ወንዝ ላይ ነበር የሚያመጧቸው።

ድንጋዮቹ የቆሙ አይደሉም፣ የተኙ ናቸው። አንዳንዶቹ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ተቀርጿል፣ አብርሃም፣ ሙሴ፣ ዳዊት በገናውን ይዞ። እኔ ዳዊትን ሳይ የቤታችን ግድግዳ ላይ የነበረው ሥዕል ትዝ አለኝ። የስፒኖዛ ወላጆች እዚያ ናቸው። እሱ ግን የለም፣ ተወግዟልና ሄግ ነው የተቀበረው። ስትገባ ራስህን ሸፈን አድርግ። ቅዳሜ አትሂድ።

ስትመለስ ነፋሱ ፊትህ ላይ ከሆነ አብሽር፣ ሐረጎን ያወጣ ጉልበት አያቅተውም።

ጎሚስታው

ሳይክልና አይሁድ ከተባለ ጂኖ ባርታሊን ሳልጠቅስ አላልፍም። ጣሊያናዊ እሽቅድምድመኛ ነው፣ ቱር ደ ፍራንስን በ1938ና በ1948 ያሸነፈ። በጦርነቱ ጊዜ ልምምድ ላይ ነኝ እያለ ለአይሁዶች የሚሆን የሐሰት መታወቂያ በሳይክሉ ብረት ውስጥ ደብቆ ያመላልስ ነበር። ወታደሮቹ ሲያቆሙት "ሳይክሉን አትንኩ፣ ለፍጥነት የተስተካከለ ነው" ይላቸዋል ይባላል። በሕይወቱ ብዙም አላወራውም። በ2013፣ ከሞተ በኋላ፣ ያድ ቫሼም የሚባለው የእስራኤል የጭፍጨፋው መታሰቢያ ተቋም አይሁዶችን ካዳኑት ጻድቃን ጋር መዘገበው። ለክፍልህ ልጆች ይህን ንገራቸው፣ በተለይ ሳይክል ለሚወዱት።

የጦሳ ሥር

ጀማዓ፣ ተመልሻለሁ። ትናንት ደሴ ገባሁ፣ ዝናቡም ከእኔ ጋር ገብቷል።

ሁሉንም አደረግኩ። ቦርከና፣ ትራሙን ከማዶ ቆሜ ቆጠርኩ። የመጀመሪያው 19 ሰከንድ ቆመ፣ ሁለተኛው 24። ልጅ ይዞ በር ከፍቶ ለመውጣት፣ ጥግ ለመታጠፍ። ሦስተኛው ሲመጣ መቁጠር አቃተኝ።

የስም መታሰቢያው ጋ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። መጀመሪያ እንደ ጎብኚ ዞርኩ። ሁለተኛው ቀን ሳይክሌን አስሬ አንድ ግድግዳ ብቻ መርጬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። አንድ የቤተሰብ ስም ሲደጋገም ታያለህ፣ አራት፣ አምስት፣ ሰባት ጡብ፣ 61 ዓመት፣ 34 ዓመት፣ 9 ዓመት። ከዚያ "1" የሚል አገኘሁ። አንድ ዓመት። አውራ ጣቴ ከጡቡ ጠርዝ ትንሽ ነው የሚያንሰው። ጡቡ ፀሐይ አሙቆት ነበር። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ከኪሳቸው ትንሽ ጠጠር አውጥተው ግድግዳው ሥር አኖሩ፣ አይሁዶች ለሙታን የሚያኖሩት ነው። ሁለት ይዘው ነበርና አንዷን ለእኔ ሰጡኝ። በደችኛ ያሉኝን አልሰማሁትም። አኖርኩ።

እቴ ኩታበር፣ ከሜርቨደፕላይን የጀመርኩት እርስዎ እንዳሉት ነው። ጠዋት ነበር፣ ደግሞ እንዳሉት ዘነበ። የዝናብ ልብስ አልያዝኩም ነበር፣ ግን አልተጠለልኩም፣ እነሱም አልተጠለሉምና። ሙዚየሙ ስደርስ ርሼ ነበር፣ በሩ ላይ ያለው ልጅ ጨርቅ ሰጠኝ።

ለተማሪዬ መልስ ይዤ መጥቻለሁ። አሁን 11ኛ ክፍል አልፋለች፣ እኔ አላስተምራትም፣ ግን መስከረም ላይ ፈልጌ አገኛታለሁ። ዌስፐርስትራትን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በስልኬ ቀርጬዋለሁ፣ ቆሜ ነው የቀረጽኩት፣ ቅጣቱን አውቃለሁ። መኪናው የሚሄድበት ቦታ ላይ ነበር ቤታቸው እላታለሁ።

ላስታ፣ ለወለቃው ጉዞ ጎንደር ከተማ ውስጥ ሳይክል የሚያከራይ ታውቃለህ? ወይስ የእኛን አይሱዙ ላይ ጭነን እንምጣ?

ላስታ

የራሳችሁን ጭናችሁ ኑ። እኔም ከላሊበላ በኩል እመጣለሁ፣ ወልዲያ ላይ እንገናኝ። ትርፍ ጎማና መለጠፊያ ያዙ፣ ጠጠሩ ብዙ ነው።